የማዱራዩን ሚናክሺ ቤተ መቅደስ ለመጎብኘት፦ ከበር እንዳትመለሱ ደረጃ በደረጃ

ለሕክምና፣ ለትምህርት ወይም ለሥራ ደቡብ ህንድ የሚሄድ ሐበሻ ብዙ ነው። ትንሽ ፋታ ሲገኝ ደግሞ ማዱራይ ወርዶ የሚናክሺን ቤተ መቅደስ ማየት የሚፈልግ አይጠፋም። ከቼናይ ሌሊቱን በባቡር ተጉዞ በሩ ላይ ደርሶ የሚመለስም አለ። አንዱ ቁምጣ ለብሶ ይሄዳል፣ አንዱ ስልኩን ይዞ፣ ሌላው በሩ በሚዘጋበት ሰዓት። ገብቶም ቢሆን ሰልፉ የት እንደሚያደርስ ሳያውቅ ረጅም ሰዓት ቆሞ፣ መጨረሻ ላይ «ለእርስዎ አይቻልም» የሚባል አለ። ይሄ ሁሉ ቀድሞ በማወቅ የሚቀር ነው።

መመሪያው ሂንዱ ላልሆነ ጎብኚ የተጻፈ ነው። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ስም ያዙ። ሚናክሺ የቤቱ እመቤት የሆነች የሂንዱ ሴት አምላክ ናት። ሱንዳሬሽዋራር ባሏ ሲሆን ሺቫ የሚባለው ታላቅ የሂንዱ አምላክ እዚህ የሚመለክበት ስም ነው። ግቢው ውስጥ ሁለቱም የየራሳቸው መቅደስ አላቸው፤ ምእመናኑ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ እሷ ነው። ይህን ካወቃችሁ ሰዉ ለምን ወደዚያ እንደሚጎርፍ ይገባችኋል።

ደረጃ 1፦ ቀንና ሰዓት ምረጡ

ቤተ መቅደሱ ቀኑን ሙሉ ክፍት አይደለም። ጠዋት ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከዚያ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ወይም 4 ሰዓት ድረስ ነው። ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው። እነሱ «5፡00 እስከ 12፡30፣ 4፡00 እስከ 10፡00» ብለው ይነግሯችኋል። ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው፤ «4 ሰዓት» ሲሏችሁ የኛ 10 ሰዓት ማለታቸው ነው። በበዓል ቀን ሰዓቱ ስለሚቀያየር ከአንድ ቀን በፊት ሆቴላችሁን አስጠይቁ።

በጣም ጥሩው ሰዓት ማለዳ ነው፣ ከ12 እስከ 3 ሰዓት። ድንጋዩ ገና አልጋለም፣ ሰዉም አልበዛም። ሁለተኛው ምርጫ ከ11 ሰዓት በኋላ ገብቶ የማታውን ሥርዓት እስኪያልቅ መቆየት ነው። ግቢው ወደ 6 ሄክታር ይጠጋል፣ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተኩል መድቡ።

አርብን ተዉት፤ አርብ ለሴት አማልክት የተለየ ቀን ስለሆነ ሰልፉ አያልቅም። በፈረንጆች አቆጣጠር ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር አጋማሽ ደግሞ ሳባሪማላ ወደሚባለው ሌላ ቤተ መቅደስ የሚጓዙ ጥቁር የለበሱ ተሳላሚዎች በመንገዳቸው እዚህ ይገባሉ። በሚያዝያና ግንቦት መካከል የሚውለው የቺቲራይ በዓል የሚናክሺና የሱንዳሬሽዋራር ሠርግ የሚከበርበት ነው። ከተማው መላወሻ ያጣል። ግርግሩን ራሱን ለማየት ካልሆነ በስተቀር፣ በተለይ ከቀዶ ሕክምና እያገገመ ያለ ሰው ይዛችሁ ከሆነ፣ በዚያ ሰሞን አትሂዱ። ሙቀቱም ያን ጊዜ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል።

ደረጃ 2፦ ልብሳችሁን ከሆቴል አስተካክሉ

ለወንድ፦ ረጅም ሱሪና እጅጌ ያለው ሸሚዝ። ቁምጣ አይገባም፣ ካናቴራም አይገባም። የአገሬው ሰው የሚያገለድመውን ቬሽቲ የሚባል ነጭ ጨርቅ መልበስ ትችላላችሁ፣ ግን ግዴታ አይደለም።

ለሴት፦ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን፣ የማያጣብቅ ልብስ። የሐበሻ ቀሚስ በትክክል ይሆናል። ነጠላ ያላት ይዛ ትሂድ፣ ትከሻን ለመሸፈን ከዚያ የተሻለ የለም። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ ኩምኩም የሚባለው ቀይ ዱቄት ነጩን ነጠላ ከነካው በሳሙና አትሹት። አብዛኛውን ጊዜ ከእርድ የሚሠራ ስለሆነ ሳሙና ሲነካው ቀለሙ ይብሳል። መጀመሪያ በደረቁ አራግፉት።

የራስ መሸፈኛ አይጠየቅም። ባርኔጣ ግን አውልቁ።

*በር ላይ ልብሳችሁ አይሆንም ቢሏችሁ፦* አትከራከሩ። በዙሪያው ባሉ ሱቆች ቬሽቲና ሻርፕ በርካሽ ይሸጣል። ገዝታችሁ ከላይ አገልድሙና ተመለሱ፤ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።

ደረጃ 3፦ የምትይዙትን ቀንሱ

ስልክ አይገባም። ካሜራም አይገባም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 በምሥራቅ በኩል ባሉት ሱቆች እሳት ተነስቶ የቤተ መቅደሱን አንድ አዳራሽ ጎድቶታል፣ ከዚያ ወዲህ ፍተሻው ከበፊቱ በጣም ጠንክሯል። በዚያው ዓመት ስልክ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተከለከለ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ደግሞ እገዳው ማዱራይ ባለችበት በታሚል ናዱ ግዛት ወዳሉ ቤተ መቅደሶች ሁሉ እንዲሰፋ ተወሰነ። ስለዚህ «ለአንድ ፎቶ ብቻ» ብላችሁ ለመደበቅ አትሞክሩ።

ከሁሉ የሚሻለው ስልኩን፣ ፓወር ባንኩንና ሰዓት የሚመስለውን ኤሌክትሮኒክስ ሁሉ ሆቴል መተው ነው። ያልሆነላችሁ በየበሩ አጠገብ ማስቀመጫ አለ፣ በትንሽ ክፍያ ቁጥር ይሰጧችኋል። ክብሪት፣ ላይተር፣ ሲጋራ ከኪስ ይውጣ። ትልቅ ቦርሳም አይሆንም።

የሚያዘው ይኸው ነው፦

- ጥሬ ገንዘብ፣ በተለይ የ10ና የ20 ሩፒ ኖት። ህንዶቹ ሁሉንም በስልክ ይከፍላሉ፣ እናንተ ግን የአገሩ የባንክ ሂሳብ ላይኖራችሁ ይችላል፣ ስልካችሁም አብሯችሁ የለም።
- የፓስፖርታችሁ ኮፒ።
- የሆቴላችሁ ስምና አድራሻ በወረቀት ተጽፎ።
- ትንሽ የታጠፈ ወረቀት። ለምን እንደሆነ ደረጃ 7 ላይ ታያላችሁ።

ከአንድ በላይ ሆናችሁ ከሄዳችሁ አሁኑኑ መገናኛ ቦታ ተስማሙ። ውስጥ ብትጠፋፉ ደውሎ መፈላለግ የለም። ቦታው «የወርቅ ሎተስ ኩሬ» የሚባለው ይሁን፣ በአገሩ አጠራር ፖትራማራይ ኩላም። ማንንም ብትጠይቁ ያሳያችኋል። ግን ኩሬው አራት ጎን አለው፤ የትኛው ጎን እንደሆነ ሳትስማሙ አትለያዩ።

ደረጃ 4፦ በሩን ለዩ፣ ጫማችሁን አውልቁ

ከማዱራይ ባቡር ጣቢያ ቤተ መቅደሱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእግር ይደረሳል። ባጃጅ ከያዛችሁ ዋጋውን ሳትጨርሱ አትግቡ። ግቢውን የሚከቡት የቺቲራይ መንገዶች ለመኪና ዝግ ስለሆኑ ባጃጁ በሩ ድረስ አያደርሳችሁም። ጥግ ላይ ሲያወርዳችሁ እያጭበረበራችሁ አይደለም።

መንገድ ላይ «ዛሬ ዝግ ነው፣ ና ከጣሪያ ላይ ላሳይህ» የሚል ሰው ያገኛችኋል። ሱቁ ጣሪያ ላይ ያለው እይታ እውነት ነው፣ ግን መውረጃው በምንጣፍና በሐውልት መሸጫው በኩል ነው። ዝግ መሆኑን ራሳችሁ በሩ ላይ ደርሳችሁ አረጋግጡ።

አሁን ዋናው። በአራቱም አቅጣጫ ባለ ብዙ ፎቅ፣ ከታች እስከ ላይ በቀለም በተቀባ ሐውልት የተሸፈነ ማማ አለ። ጎፑራም ይሉታል። የደቡቡ ረጅሙ ነው፣ ወደ 52 ሜትር ይሆናል። ለእንግዳ ዓይን አራቱም አንድ ናቸው። ብዙ ሰው በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣና ጫማው ግቢውን አቋርጦ ማዶ ይቀራል። በቀትር ፀሐይ በባዶ እግር ያን ጎዳና መዞር ቀልድ አይደለም፤ ውስጥ እግር ያቃጥላል።

ስለዚህ፦

1. በምሥራቅ በኩል ግቡ። ከምሥራቁ ትልቅ ማማ ትንሽ ወደ ደቡብ ብሎ አሽታ ሻክቲ የሚባል አዳራሽ አለ። ቀጥታ ወደ ሚናክሺ በኩል የሚያስገባው እሱ ነው።
2. ጫማችሁን በዚያው በኩል ባለው ማስቀመጫ ስጡ። መሬት ላይ ጥላችሁ አትግቡ።
3. የተሰጣችሁን ቁጥር ከገንዘብ ጋር አትቀላቅሉ፣ ለብቻው ኪስ አድርጉት።
4. የገባችሁበትን አቅጣጫ በታሚል ቋንቋ ያዙ፤ ምሥራቅ «ኪላኩ» ነው። ስትወጡ «ኪላኩ ጎፑራም» ካላችሁ ማንም ይመራችኋል።

*ቁጥሩ ቢጠፋ፦* ሠራተኛው ጋ ሄዳችሁ ጫማውን ግለጹለትና እስኪፈልግ ጠብቁ። ሌላው ሰው ከሄደ በኋላ ይሰጣችኋል። ውድ ጫማ አድርጋችሁ አለመሄድ ግን ከዚህ ሁሉ ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ፍተሻው

የወንድና የሴት ሰልፍ ለየብቻ ነው። ኪሳችሁን አስቀድማችሁ አራግፉ። ወደ ግቢው ለመግባት አይከፈልም። «የመግቢያ ትኬት» ብሎ ውጭ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ እለፉት። ውስጥ የሚሸጠው የልዩ ሰልፍ ትኬት ወደ መቅደሱ ለሚገቡ ሂንዱ ምእመናን ነው፣ እናንተ ብትገዙትም አያስገባችሁም።

አስጎብኚ ከፈለጋችሁ መታወቂያውን አይታችሁ፣ ዋጋውን ቆርጣችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ተስማምታችሁ ጀምሩ።

ደረጃ 6፦ ውስጥ ያለው መንገድ

ከአሽታ ሻክቲ አዳራሽ ቀጥ ብላችሁ ወደ ምዕራብ ሂዱ። መጀመሪያ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ቀስ በሉ። ከመብራቶቹ የሚንጠባጠብ ዘይት ወለሉን ያንሸራትታል፤ ጥቁር ሆኖ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ካያችሁ ዙሩት። ከዚያ ድንገት ብርሃን ይሆንና ኩሬው ላይ ትወጣላችሁ። አራት ማዕዘን ነው፣ ዙሪያውን በምሰሶ የተከበበ፣ መሃሉ ላይ በወርቅ የተለበጠ የሎተስ አበባ የቆመበት። ደረጃው ላይ ቁጭ በሉ። የማማዎቹ አናት ከዚህ ይታያል፣ ቤተሰብ ምግቡን ይበላል፣ ሕፃን ይሮጣል። ለመቀመጥ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ እኔ ብሆን ከጠቅላላው ጊዜ ግማሽ ሰዓቱን ለዚህ እመድባለሁ።

ከኩሬው በስተምዕራብ የሚናክሺ መቅደስ በር አለ። ቁሙ። ሂንዱ ያልሆነ ሰው እንደማይገባ የሚገልጽ ጽሑፍ ተለጥፏል። እዚህ ጋ የሚጀምረው ሰልፍ መጨረሻው መቅደሱ ውስጥ ስለሆነ አትሰለፉ። ከዚያ ወደ ሰሜን ሂዱ። ሙኩሩኒ ቪናያጋር የሚባለው ትልቅ የዝሆን ራስ ያለው ሐውልት ያጋጥማችኋል፤ የሺቫ ልጅ ጋኔሻ ነው። ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ ስትዞሩ የሱንዳሬሽዋራር መቅደስ ፊት ለፊት ትደርሳላችሁ፤ የተኛው በሬ ናንዲና በወርቅ የተለበጠው የባንዲራ ምሰሶ እዚያ ናቸው። ምሰሶዎቹ ላይ የተቀረጹትን ምስሎች ሳታዩ አትለፉ፣ በጣም የረቀቀ ሥራ ነው።

የባንዲራ ምሰሶውን አስታውሱ፤ ድንበራችሁ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፓላኒ በሚባል ሌላ ቤተ መቅደስ ጉዳይ ላይ ሂንዱ ያልሆኑ ሰዎች ከባንዲራው ምሰሶ አልፈው እንዳይገቡ የሚያዝ ውሳኔ ሰጥቷል። እኛ አገር መቅደስ ውስጥ ምእመኑ እንደማይገባ ሁሉ እነሱም የራሳቸው ወሰን አላቸው፣ ስለዚህ ቅር አይበላችሁ። ሃይማኖታችሁን ከጠየቋችሁ እውነቱን ተናገሩ። ለመግባት ሲሉ «ሂንዱ ነኝ» ማለት እነሱን መናቅ ነው፣ የራስንም እምነት መካድ ነው።

ወደ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ የሺህ ምሰሶዎች አዳራሽ አለ። ስሙ ሺህ ይበል እንጂ ምሰሶዎቹ 985 ናቸው። አነስተኛ ክፍያ አለው፣ ለማንም ክፍት ነው፣ የነሐስና የድንጋይ ሐውልቶች በቅርብ የምታዩትም እዚህ ነው። መቅደሱ ሳይፈቀድልኝ ቀረ ብሎ ያዘነ ሰው እዚህ ሲገባ ይጽናናል።

ስትዘዋወሩ ሁልጊዜ በሰዓት መዘውር አቅጣጫ ዙሩ፣ ማለትም ሐውልቱ በቀኛችሁ በኩል ይሁን። በናንዲና በሺቫ መቅደስ መካከል አታቋርጡ። ስትቀመጡ እግራችሁን ወደ ሐውልት አትዘርጉ። መሬት ላይ ተደፍቶ የሚሰግድ ሰው ካለ ከፊቱ አትለፉ፣ እስኪነሳ ጠብቁ።

ደረጃ 7፦ አምልኮው ሲደርስባችሁ

ጎብኚዎች በብዛት የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው። ከዋናዎቹ መቅደሶች ውጭ ባሉ ትንንሽ ሐውልቶች ዘንድ እናንተ ቆማችሁ ሳለ ሥርዓት ሊጀመር ይችላል። ናዳስዋራም የሚባለው ረጅም መለከት ይነፋል፣ ከበሮ ይመታል። ካህኑ ወተት ወይም ውኃ በሐውልቱ ላይ ያፈሳል፣ ያለብሰዋል፣ በአበባ ያስጌጠዋል። ከዚያ ካምፎር ለኩሶ ነበልባሉን ከሐውልቱ ፊት ያዞራል። ለምእመኑ ትልቁ ነገር ያን ጊዜ ማየቱ ነው፤ አምላኩን አየ፣ አምላኩም እሱን አየው ብሎ ያምናል። ስለዚህ በዚያች ቅጽበት ከፊቱ አትቆሙበት።

ከዚያ ካህኑ ነበልባሉ ያለበትን ሳህን ይዞ ወደ ሰዉ ይመጣል። ሰዉ መዳፉን ከእሳቱ በላይ አሳልፎ ወደ ዓይኑ ይወስዳል፣ ሳንቲም ሳህኑ ላይ ያስቀምጣል። ካህኑ በምላሹ ነጭ አመድ ወይም ቀይ ኩምኩም ይሰጣል።

መሳተፍ ካልፈለጋችሁ፦

1. ሳህኑ ሳይደርስባችሁ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ በሉ።
2. ሁለት እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጋጥማችሁ ትንሽ ጎንበስ በሉ። እጅ ካልዘረጋችሁ ካህኑ አልፏችሁ ይሄዳል።
3. አመዱ ወይም ኩምኩሙ እጃችሁ ላይ ከተደረገ መሬት ላይ አታራግፉት፣ ምሰሶም ላይ አትጥረጉት። ያቺን ታጣፊ ወረቀት አውጥታችሁ ጠቅልሉት። ውጭ ስትወጡ ለሚፈልግ ምእመን ስጡት።

የምትቀበሉ ከሆነ በቀኝ እጅ ብቻ ተቀበሉ፤ ግራ እጅ አይዘረጋም።

የምግብ ነገር ሲመጣ ብዙዎቻችን እንጨነቃለን። ፕራሳዳም ለአምላካቸው ቀርቦ ለሰው የሚታደል ምግብ ነው። ለኦርቶዶክሱም፣ ለፕሮቴስታንቱም፣ ለሙስሊሙም ለጣዖት የቀረበ መብላት የሕሊና ጥያቄ ነውና ከመግባታችሁ በፊት ወስኑ። የማትበሉ ከሆነ ሲዘረጋላችሁ እጅን ደረት ላይ አድርጎ «ኖ፣ ናንድሪ» ማለት ይበቃል፤ ናንድሪ ምስጋና ነው። እጃችሁ ከገባ በኋላ ግን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ መክተት ትልቅ ነውር ነው። አጠገባችሁ ላለ ቤተሰብ ስጡ፣ በደስታ ይቀበሏችኋል።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ውጭ ባሉት ምግብ ቤቶችም ጠይቁ። ሥጋ የለም ማለት ቅቤ የለም ማለት አይደለም። ኢድሊ (በእንፋሎት የበሰለ የሩዝ ቂጣ) በሳምባር (የምስር ወጥ) አብዛኛውን ጊዜ ይሆናል፤ ግን «ነይ» ቅቤ ነው፣ «ታይር» እርጎ ነው፣ ሁለቱም በብዙ ምግብ ውስጥ ይገባሉ።

አበባ ከገዛችሁም አንድ ነገር አለ። ማዱራይ ጃስሚን በሚባል መዓዛማ አበባ የታወቀች ናት፣ ሴቶቹ ጠጉራቸው ላይ ይሰኩታል፣ እናንተም ሰኩ። ለመቅደስ የሚቀርበውን አበባ ግን ማንም አስቀድሞ አያሸትም። የሰው አበባ ይዛችሁ ከሆነ ወደ አፍንጫ አታስጠጉት።

ደረጃ 8፦ የማታው ሥርዓት

የምትችሉ ከሆነ ይህን አታሳልፉት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ከመዘጋቱ በፊት ሱንዳሬሽዋራርን የሚወክሉ የእግር ምስሎች በብር በተለበጠ ቃሬዛ ላይ ሆነው፣ በከበሮና በመለከት ታጅበው ወደ ሚናክሺ መኝታ ክፍል ይወሰዳሉ። በየሌሊቱ ነው የሚደረገው። ጠዋት ተመልሰው ይሄዳሉ።

ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት በሱንዳሬሽዋራር መቅደስ መውጫ አካባቢ ግድግዳ ይዛችሁ ቁሙ። ቃሬዛው ሲመጣ መንገድ ልቀቁ፤ ተሸካሚዎቹ በፍጥነት ነው የሚሄዱት፣ ሰዉም ይጋፋል። ልጅ የያዘ ሰው ከፊት አይቁም። ተከትላችሁ መሄድ ትችላላችሁ፣ ግን የሚናክሺ በር ላይ ስትደርሱ እናንተ ትቀራላችሁ።

*ጥበቃ ቢያስቆማችሁ፦* ወዲያው ወደ ኋላ በሉና የት መቆም እንደሚቻል በእጅ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ጥሩ ቦታ ያሳያችኋል።

ደረጃ 9፦ መውጣት

ሥርዓቱ ሲያልቅ ሰዉ በአንድ ላይ ይወጣል። በጎርፉ ተወስዳችሁ በሌላ በር እንዳትወጡ መጀመሪያ ወደ ኩሬው ተመለሱ፣ ከዚያ በመጣችሁበት በአሽታ ሻክቲ አዳራሽ በኩል ውጡ። የጫማውና የስልኩ ማስቀመጫ አጠገብ ለአጠገብ ላይሆን ስለሚችል ሁለቱንም ቁጥር በእጃችሁ ያዙ። ስልካችሁን ተቀብላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት እዚያው ከፍታችሁ የራሳችሁ መሆኑን እዩ። ባጃጅ ለመያዝ ከበሩ ፊት አትደራደሩ፤ አንድ ሁለት መንገድ ወደ ውጭ ተራምዳችሁ ከሄዳችሁ ዋጋው ይቀንሳል።